እህል በገበያ እያለ ሰው ለምን ይራባል?

በ1965 ዓ.ም. ወሎ በችጋር ስትመታ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙም አልናረም። እንዲያውም ከጠቅላይ ግዛቱ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚጫን እህል ነበር። እህሉ በሚያልፍበት አውራ ጎዳና ዳር ግን ቀያቸውን ጥለው የወጡ ረሃብተኞች ተሰልፈው እርዳታ ይጠብቁ ነበር። የሀገሪቱ አጠቃላይ ምርትም ከቀደሙት ዓመታት እምብዛም አላነሰም። ታዲያ ሕዝቡን ምን ጨረሰው?

ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከመረመሩት አንዱ ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የቤንጋል ችጋር ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊዮን ሰው ሲፈጅ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ኋላ በዴልሂ፣ በለንደንና በኦክስፎርድ ሲያስተምር የዚያን ዘመን የምርት መዛግብት አገላበጠ። በ1943 በቤንጋል የነበረው እህል፣ ችጋር ካልነበረበት ከ1941 ይበልጥ እንደነበር አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው «ድህነትና ችጋር» በተሰኘው መጽሐፉም ወሎን ከቤንጋል ጎን አስቀመጣት።

ማብራሪያው ይህ ነው። ሰው ምግብ የሚያገኘው ራሱ አምርቶ፣ ጉልበቱን ሸጦ፣ ያለውን ለውጦ ወይም ከመንግሥትና ከወገን ተቀብሎ ነው። የወሎ ገበሬ በድርቅ አዝመራው ሲከሽፍበት የሚበላውንም የሚሸጠውንም በአንድ ጊዜ አጣ። ገንዘብ የሌለው ሰው ምንም ቢርበው ገበያ ላይ ዋጋ አያስወድድም፤ ነጋዴውም እህሉን ገንዘብ ወዳለበት ይጭናል።

የአፋር አርብቶ አደር መከራ ደግሞ ከድርቁ በፊት የጀመረ ነው። በበጋ ከብቱን የሚያሰማራበት የአዋሽ ዳርቻ ለጥጥና ለሸንኮራ አገዳ እርሻ ተሰጥቶ ነበር። ዝናብ ሲጠፋ መሸሻ አጣ፤ ከብቱ አለቀ፤ የተረፈውም በእህል ሲመነዘር ዋጋው ወደቀ። መሬቱ ለማን ይሁን የሚለው ውሳኔ ቢሮ ውስጥ ሲወሰን የሚከፈለው ሕይወት አልታሰበም። ዛሬ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያዎች አንድ ፍየል ስንት ኪሎ እህል ይገዛል ብለው የሚከታተሉት ስለዚህ ነው፤ ምንዛሪው ሲያሽቆለቁል አደጋው ቀርቧል ማለት ነው።

የሀገራችን ምሁራንም በዚህ መስክ ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል። የጂኦግራፊ መምህሩ መስፍን ወልደ ማርያም ገበሬውን ለችጋር ያጋለጠው የኖረበት ሥርዓት መሆኑን አሳዩ። ደሳለኝ ራህማቶ በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ችጋር ከወሎ ገበሬዎች አፍ አጥንተው፣ ተራቢው እጁን አጣጥፎ እንደማይቀመጥ፣ ከእርዳታ በፊት በብዙ መንገድ እንደሚታገል አስረዱ።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት መርሃ ግብር ከዚህ እውቀት ጋር ይሄዳል። ድሃ ቤተሰብ እርከን ሲሠራና ውኃ ሲያቁር ገንዘብ ወይም እህል ያገኛል፤ መሬቱም ያገግማል። ጦርነት ገበያና መንገድ ሲዘጋ ግን ክፍያ ብቻውን አያድንም፤ ሰላምም የምግብ ጉዳይ ነው።

ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ያስፈልጉናል። ነገር ግን የግብርና ትምህርታችን በሄክታር የሚገኘውን ኩንታል ብቻ ከቆጠረ ግማሹ ጥያቄ ይቀራል። መሬቱን፣ ውኃውንና ዋጋውን ማን ይወስናል? የሚራበው ሰውስ በውሳኔው ላይ ድምፅ አለው? ይህን የሚጠይቁ ወጣት ተመራማሪዎች በየዩኒቨርሲቲያችን ሊበዙ፣ ግኝታቸውም በጊዜ ሊሰማ ይገባል።