ልጅ ታሞ ሲከነፍ፦ ቀበቶው ወይስ ፍጥነቱ?

ልጅ በሌሊት ሲታመም ቤተሰቡ ሁሉ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኪና። አባት ለጎረቤት ይደውላል፣ እናት ልብስ ትደራርባለች፣ አያት ሕፃኑን በጋቢ ጠቅልላ ታቅፋለች። መኪናው ሲመጣ ሹፌሩ የሚሰማው ቃል “ቶሎ በል!” የሚል ነው። ልጁ እንዴት ይቀመጥ ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።

ጥያቄው ግን በተለይ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለምንኖር ቤተሰቦች ቀላል አይደለም። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል አስተዳደር ሥር ቢጠቃለሉም፣ የጠናበትን ልጅ ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል መሮጥ ዛሬም የተለመደ ነው። ከሰበታ የሚነሳው የጅማን መንገድ ይዞ በዓለም ገና በኩል ወደ አየር ጤና ይገባል። ከቡራዩ የሚመጣው በአምቦ መንገድ አስኮን ያቋርጣል። የሱሉልታው ደግሞ ጉም የማያጣውን የእንጦጦን ሸንተረር ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁል ይወርዳል። ሦስቱም የጭነት መኪና የሚበዛባቸው የአገር አቋራጭ መንገዶች ናቸው።

ፍጥነት ስንት ደቂቃ ያተርፋል?

ሒሳቡ ቀላል ነው። 20 ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲነዳ 20 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ80 ሲነዳ ደግሞ 15 ደቂቃ። ያ ሁሉ መክነፍ የሚያተርፈው አምስት ደቂቃ ነው፤ እሱም መንገዱ ጭር ካለ። በአንጻሩ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረስ ዕድሉ በ4 በመቶ ያድጋል።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ሲጋጭ፣ ያልታሰረ ሰው ከ10 ሜትር ገደማ ከፍታ የመውደቅ ያህል ይመታል። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያች ቅጽበት ከ100 ኪሎ በላይ ክብደት እንዳለው ሆኖ ከእቅፍ ይፈናጠራል። የእናት ፍቅርም ሆነ የአባት ጡንቻ ይህን አይዝም። ለልጆች የተሠራ የመኪና መቀመጫ ግን በአደጋ ጊዜ የልጆችን ሞት 60 በመቶ ያህል ሊቀንስ እንደሚችል ይኸው ድርጅት ይገልጻል።

መቀመጫ ላለው ቤተሰብ ስለዚህ መልሱ ግልጽ ነው። ልጁን አስቀምጦ ለማሰር አንድ ደቂቃ ይበቃል። ያቺን ደቂቃ በፍጥነት ለማካካስ መሞከር ግን ሁለት ሕመምተኛ ሊያደርግ ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ ነው።

ከመኪናው በፊት የሚደረግ

አንዳንዱ አደጋ መኪና አይጠብቅም። ምግብ ወይም ሳንቲም አንቆት መተንፈስና ማልቀስ ያቃተው ሕፃን እዚያው ቤት መረዳት አለበት። ከአንድ ዓመት በታች ከሆነ በክንድ ላይ በደረቱ አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ፣ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ አምስት ጊዜ መምታት፤ ካልወጣ በጀርባው ገልብጦ ደረቱን መሐል ላይ በሁለት ጣት አምስት ጊዜ መጫን፤ እስኪወጣ ይህንኑ ማፈራረቅ። አንዱ ሰው ይህን ሲያደርግ ሌላው ይደውል።

ትኩሳት ያንቀጠቀጠው ልጅም እየተንቀጠቀጠ ተጎትቶ መኪና ውስጥ አይገባም። በጎኑ ይተኛ፣ በአፉ ምንም አይግባ፣ ክብሪት ማሸተቱም ይቅር፤ ሰዓት ይታይ። አብዛኛው በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል፤ ሲቆም አስሮ መውሰድ ይቻላል። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ግን ጊዜ ሳይባክን እርዳታ መፈለግ ግድ ነው። የሚደማ ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ይያዝ። ነጭ ጋዝ ወይም በረኪና የጠጣ ልጅ እንዲያስመልስ አይገደድ፤ ዕቃው ግን ለሐኪሙ ይወሰድ።

መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የተንቀጠቀጠ፣ ራሱን የሳተ ወይም ፈጽሞ የደከመ ልጅ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነም እንዲሁ ነው።

መድረሻውም ይታሰብበት። ብዙ ቤተሰብ ቅርቡን ጤና ጣቢያ አልፎ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ይሮጣል። ነገር ግን በጠና ለታመመ ልጅ ጤና ጣቢያ ከሪፈር በፊት የመጀመሪያውን መድኃኒት ሊሰጥ፣ የስኳር መጠኑን ሊያስተካክል፣ አምቡላንስም ሊጠራለት ይችላል። አዲስ አበባ መግባት ግድ ከሆነ በሰበታ መንገድ ለሚመጣ አለርት፣ በቡራዩና በሱሉልታ በኩል ለሚመጣ ደግሞ ጳውሎስ ሆስፒታል ይቀርባል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ደግሞ በ939 ይገኛል። አምቡላንሱ የት እንደደረሰና ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ጠይቆ መወሰን ነው።

መቀመጫ ከሌለስ?

የአብዛኛው ቤተሰብ እውነታ ይህ ነው። መቀመጫ የለም ተብሎ መተንፈስ የተሳነው ልጅ ቤት አይቀመጥም፤ ይሄዳል። ያኔ የሚመረጠው ከመጥፎዎቹ የተሻለው ነው።

ልጁ ምንጊዜም ከኋላ ወንበር ይሁን። ራሱን ችሎ የሚቀመጥ ከሆነ ለብቻው ቀበቶ ይታሰር፤ የወገቡ ቀበቶ ከሆዱ ዝቅ ብሎ ታፋው ላይ ይረፍ። ልክ ባይሆንም ከእቅፍ ይሻላል። ሕፃን ከሆነና መታቀፉ ግድ ከሆነ፣ አቃፊው አስቀድሞ የራሱን ቀበቶ ይሰር፤ ሕፃኑ ከቀበቶው ውጪ ይታቀፍ። አንድ ቀበቶ ለሁለት ማሰር ግን አደገኛ ነው፤ በግጭት ጊዜ የአዋቂው ክብደት ሕፃኑን ይጨፈልቀዋል። በአንቀልባ አዝሎ መቀመጥም በጀርባና በወንበሩ መካከል ያጣብቀዋል። እንዲህ የተያዘ ሕፃን ከለላ እንደሌለው ሹፌሩ ይወቅና እግሩን ከነዳጁ ላይ ያላላ።

ባጃጅ ቀበቶም በርም የለውም። ወደ ቅርቡ ጤና ጣቢያ በውስጥ መንገድ ለመድረስ ይጠቅም ይሆናል፤ በጭነት መኪናዎች መካከል አዲስ አበባ ድረስ ለመሄድ ግን አይሆንም።

ወላጅ ብቻውን እየነዳ የታመመ ልጅ ከኋላ መጠበቅ አይችልም። ጎረቤት ይቀስቀስ፤ አንዱ ይንዳ፣ አንዱ የልጁን አተነፋፈስ ይከታተል። ልጁ ቢብስበት ወይም ጡት ማጥባት ቢያስፈልግ መኪናው ዳር ይዞ ይቁም።

ዛሬ የሚዘጋጅ

በሌሊት ከሚባክነው ጊዜ አብዛኛው የሚባክነው መንገድ ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው፤ ስልክ ሲፈለግ፣ ገንዘብ ሲሰበሰብ፣ የክትባት ካርድ ሲታጣ። በሌሊት የሚነሳ የሁለት ሹፌሮች ስልክ፣ የጤና ጣቢያው ስልክ፣ ካርዱና ጥቂት ብር አንድ ቦታ ይቀመጡ። መኪና ያለው ደግሞ መቀመጫውን እንደታሰረ ይተወው።

ከውጭ በዘመድ የሚመጣ ወይም ያገለገለ መቀመጫ ሲገኝ አደጋ ያልደረሰበት፣ ቀበቶው ያልተበጠሰና የአገልግሎት ዘመኑ ያላለፈ መሆኑ ይታይ። የሕፃናቱ መቀመጫ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ የሚታሰር ነው፤ ኤርባግ ባለው የፊት ወንበር ላይ ግን ፈጽሞ አይታሰርም፤ ኤርባጉ ሲፈነዳ ሕፃኑን ይገድላል። ልጆች 135 ሴንቲ ሜትር እስኪደርሱ ወይም 10 ዓመት እስኪሞላቸው በልካቸው የተሠራ መቀመጫ እንዲጠቀሙ ይመከራል።

“እኛ አቅፈን አይደል ያሳደግናችሁ?” የሚሉ አያቶች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ያኔ ግን መኪናው ጥቂት፣ መንገዱም ቀስ ያለ ነበር። የታመመ ልጅ ማስታመም የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና በእቅፍ ፋንታ ከጎኑ ተቀምጠው እጁን ይያዙለት፤ ልጁ የአያቱን ድምፅ ከሰማ መታሰሩን ይረሳዋል።

ደግሞም ልጅ በመኪና ከሚሄድባቸው ቀናት ድንገተኛ ሕመም ያለበት ስንቱ ነው? ክትባት፣ ክርስትና፣ የበዓል ጥየቃ፣ ከሐኪም ቤት መመለሻውም ጭምር፣ አንዱም አያስቸኩልም። በነዚህ ቀናት መታሰር የለመደ ልጅ በጭንቁ ሌሊት አያስቸግርም።