ሹምን የሚሽረው ማን ነው? በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ስለ ነበረው የሥልጣን ልማድ

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የሚባሉት አገሮች ከጉና ተራራ ውርጭ አንሥቶ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ቆላ የተዘረጉ ናቸው። ስለ እነዚህና ስለ መሰሎቻቸው የአማራ ደጋዎች የጻፉ ሊቃውንት በአብዛኛው አንድ ነገር ይደጋግማሉ፤ ይኸውም ሕዝቡ ከቤት አባወራ እስከ ንጉሥ ድረስ በትእዛዝ ማደርን የለመደ ነው የሚል ነው። ዶናልድ ሌቪን እ. ኤ. አ. በ1965 መንዝን መሠረት አድርጎ ባወጣው «ሰምና ወርቅ» በተባለው መጽሐፍ ይህን አስተያየት አጠናክሮታል። አስመሮም ለገሰ የቦረናን ገዳ አጥንቶ እ. ኤ. አ. በ1973 ካሳተመ በኋላ ደግሞ ሕዝባዊ አስተዳደርን ለደቡብ፣ ፈላጭ ቆራጭነትን ለሰሜን ማደል ቀላል ሆኖ ታየ። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውም ተረት ለምስክርነት ይጠራል። ነገር ግን ገበሬው ንጉሡን አያይም፤ በየቀኑ የሚያየው የቅርቡን ሹም ነው። ታዲያ እርሱን ማን ይሾመዋል? ማንስ ይሽረዋል?

በበጌምድር፣ እንደ ጎጃም ሁሉ፣ መሬቱ በአብዛኛው የርስት ነበር፤ የአንድን አቅኚ አባት መሬት ልጆቹ በአባትም በእናትም በኩል እየቈጠሩ ይካፈሉታል። በብዙ ስፍራ ጭቃ ሹምነቱም ይህንኑ ቈጠራ ተከትሎ ከአንዱ አባት ዘር ወደ ሌላው በየዓመቱ ይዞር ነበር። ስለዚህ ጭቃ ሹሙ ዘንድሮ ጎረቤቱን ግብር የሚያስከፍል፣ ለከርሞ ግን ለዚያው ጎረቤት የሚታዘዝ ሰው ነው። ያለ ጽሑፍና ያለ አዋጅ ሥልጣንን ለመገደብ ከዚህ የተሻለ ዘዴ ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም ነገሩን ማስጌጥ አይገባም። ከበላዩ ያለው ባለ ጉልት ከላይ የተሾመ ነው፤ ተራውም የሚደርሰው ለባለ ርስት ብቻ ነው። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ በብዙ ስፍራም ሙስሊሙ ርስት ስለማይቈጠርላቸው ከተራው ውጭ ነበሩ። ሴቲቱም ርስት ትወርሳለች እንጂ እንደ ልማዱ ጭቃ ሹም አትሆንም።

አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ ይህንኑ ሁለት መልክ ያሳያል። ስርቆት ወይም ቃጠሎ በደረሰ ጊዜ አገሬው ተሰብስቦ ሽማግሎች ይመርጣል፤ ሰው ሁሉ ያየውንና የሰማውን ይናገራል፤ የነገረውን ሰው ስም እንዳይጠራም «ወፍ ነገረኝ» ማለት ይችላል። ከስብሰባው የቀረ ይቀጣል፤ ወንጀለኛው ካልታወቀም ጉዳቱን አገሬው በኅብረት ይከፍላል። ምክር ነው እንዳይሉት ግዳጅ ነው፤ ግዳጅ ነው እንዳይሉትም ያለ ሕዝቡ ምክር አንዳች አይፈጸምም።

መንግሥት በጠፋ ጊዜ የሚነሣው የጎበዝ አለቃ ከሁሉ ይልቅ በፈቃድ የቆመ ሹም ነው። አገሬው በጉብዝናው፣ በዳኝነቱና በዘመዶቹ ብዛት ይመርጠዋል፤ ካልረባ ጥለውት ወደ ሌላ ይሄዳሉ። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ. ም.) አርበኞች በብዙ ስፍራ የተደራጁት በዚህ ልማድ ነበር። ነፃነት ከተመለሰ በኋላ ግን የ1934 ዓ. ም. የአስተዳደር ድንጋጌ አገር ገዥዎችን ሁሉ ከማእከል የሚሾሙ የደመወዝ ሹማምንት አደረጋቸው። ገበሬው በዚህ ሥርዓት ሳይጠየቅ ሲቀር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ከዓባይ ማዶ ታይቷል፤ በ1960 ዓ. ም. የእርሻ ገቢ ግብር ርስቱን ያስነካል ብሎ የሠጋው የጎጃም ገበሬ በጠመንጃ ተነሣ፣ መንግሥትም አውሮፕላን እስከ መላክ ደርሶ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥውን አነሣ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከቀደሙት ሁሉ የሚበልጥ ተስፋና የሚበልጥ ኀዘን ያመጣ ነው። ርስትና ጉልት ቀረ፤ ርስት ያልነበረው ሸማኔ ባለ መሬት ሆነ፤ ቢያንስ 20 ጋሻ በሚሆን መሬት ላይ የሚቋቋም የገበሬ ማኅበርም ሊቀመንበሩንና ፍርድ ሸንጎውን ራሱ እንዲመርጥ ተፈቀደለት። ያም ምርጫ ብዙ ሳይቆይ የማዘዣ መሣሪያ ሆነ። ሊቀመንበሩ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የእህል ኮታ ያስገባል፤ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ይመለምላል፤ በ1977 ዓ. ም. የሠፈራ ዘመቻም ስም ያስመዘግባል። የመረጡት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ የሚጠይቀው ግን ወረዳው ነው።

የዚህ ሰው መጨረሻ ሊስተዋል ይገባል። በ1989 ዓ. ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲሸነሸን፣ በደርግ ጊዜ በማኅበር ያገለገሉት «ቢሮክራት» ተብለው፣ የቀድሞ ባላባቶችም «ፊውዳል» ተብለው፣ ይዞታቸው በ4 ጥማድ እንዲወሰን ተደረገ። የበደለ አልነበረም ለማለት አይደለም፤ ዳሩ ግን የታዘዘውን በመፈጸሙ የተቀጣ ሰው ልጆች ከዚያ ወዲህ ለቀበሌ ምርጫ እጃቸውን ሲያወጡ ምን ያስባሉ?

በ2000 ዓ. ም. የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቍጥር እስከ 300 ከፍ አለ፤ ወንበሩንም ሁሉንም ለማለት በሚያስደፍር መጠን ገዥው ግንባር ያዘው። ቍጥሩ ሲታይ ከጭቃ ሹሙ ዘመን የበለጠ ሕዝባዊ ነው። በገጠር ንግግር ግን «ስብሰባ» ማለት ሰው ሄዶ የሚመክርበት ሳይሆን ጠርተው የሚነግሩት ሆነ፤ የቃሉ ትርጉም መለወጡ ለማኅበረሰብ ተመራማሪ ከወንበሩ ቍጥር የበለጠ ማስረጃ ነው።

በ2015 ዓ. ም. በክልሉ በመንግሥትና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ውጊያ ተነሥቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ የመንግሥት ሥራ በተቋረጠበት ገጠር አለቃው ባለ ጠመንጃ ሆኗል። የድሮውን የጎበዝ አለቃ ጥለውት ሊሄዱ የሚችሉት ራሳቸው ጠመንጃ የያዙት ነበሩ። ጠመንጃ የሌላት ሴትና ሸማኔው አለቃቸውን በምን እንደሚሽሩ የቀድሞው ልማድ መልስ አልተወልንም።