አምባሬን ልሽጠው ወይስ ላስቀምጠው?



ባለፈው ሳምንት ከፕሮግራሙ በኋላ እዚሁ አፉላ ያሉ አንዲት እናት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ወርቅ ጣሪያ ነካ ይላሉ። ለልጄ ሠርግ ያደረግሁትን አምባር ልሽጠው ወይስ ላስቀምጠው?» አሉኝ። ጥያቄው በስልክ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ አልነበረምና እዚህ ቀስ ብለን እንየው። የድሮ አስተማሪ ስለሆንኩ ሒሳብ ባበዛ አትቆጡኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በዓለም ገበያ ወርቅ የሚሸጠው በአውንስ ነው። አንዱ አውንስ 31.1 ግራም ነው፣ አገር ቤት ከምናውቀው ወቄት ትንሽ ይበልጣል። እስከ 1971 ድረስ አሜሪካ ለሌሎች መንግሥታት አንዱን አውንስ በ35 ዶላር ትመነዝር ነበር። በዚያ ዓመት በኦገስት ፕሬዚዳንት ኒክሰን ያን በር ዘጉት። ከዚያ ወዲህ ዋጋውን የሚወስነው ገበያው ነው። በኦክቶበር 2025 ለመጀመሪያ ጊዜ 4,000 ዶላርን አለፈ።

ለምን ወጣ? ወርቅ ወለድ የለውም፤ ሣጥን ውስጥ ዓመት ቢቀመጥ ያው ወርቅ ነው። ባንክ ጥሩ ወለድ ሲከፍል ሰው ገንዘቡን ባንክ ያስገባል። ወለዱ ሲወርድ፣ ወይም ሰው «ገንዘቤ ዋጋ ሊያጣ ነው» ብሎ ሲፈራ፣ ወደ ወርቅ ይሮጣል። የሚሮጡት ደግሞ ግለሰቦች ብቻ አይደሉም፤ ከ2022 እስከ 2024 የየአገሩ ማዕከላዊ ባንኮች በየዓመቱ ከ1,000 ቶን በላይ ገዝተዋል።

ገንዘብ ዋጋ ሲያጣ ምን እንደሚመስል በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ የመጣችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል። በ1984 በእስራኤል የዋጋ ንረት ከ400 በመቶ በላይ ነበር። በወሩ መጀመሪያ የተቀበላችሁት ሸቅል በወሩ መጨረሻ ያንኑ ዳቦና ዘይት አይገዛም ነበር። አዲስ መጤ ስለነበርን ብዙዎቻችን የአገሩ ጠባይ መስሎን አለፍነው እንጂ ነባሮቹም ግራ ተጋብተው ነበር! በ1985 መንግሥት ወጪውን ቀነሰ፣ ዋጋና ደመወዝም ለጊዜው ባሉበት እንዲቆዩ ተደረገ። 1,000 አሮጌ ሸቅል በ1 አዲስ ሸቅል ተቀየረ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የእስራኤል ባንክ ለመንግሥት ወጪ ገንዘብ እንዳያትም በሕግ መከልከሉ ይመስለኛል።

ዛሬ ያ ባንክ የዋጋ ንረቱን በዓመት ከ1 እስከ 3 በመቶ መሃል እንዲያቆይ ይጠበቅበታል። ዋናው መሣሪያው ወለድ ነው። ከኤፕሪል 2022 በፊት 0.1 በመቶ ብቻ ነበር፤ በሜይ 2023 እስከ 4.75 አደረሰው። በጃኑዋሪ 2024 ወደ 4.5፣ በኖቬምበር 2025 ወደ 4.25 አወረደው። ልጆቻችሁ ማሽካንታ ካላቸው ይህ ቁጥር በቀጥታ ይነካቸዋል። «ፕራይም» የሚባለው በዚህ ወለድ ላይ 1.5 ተጨምሮ የሚገኘው ነው፤ ከአንድ ዓመት ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ከ1.6 ወደ 6.25 ሄደ። የወር ክፍያቸው ያበጠው ስላባከኑ አይደለም።

አገር ቤት ደግሞ ሌላ ነገር ተደርቧል። በጁላይ 2024 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ጎንደር ያለች እህታችሁ «ወርቄ እጥፍ ሆነ» ብትላችሁ፣ ወርቁ አንድ ግራም አልጨመረም፤ ብሩ ነው የቀለለው። እዚህ በ2025 የሆነው ተቃራኒው ነው። ሸቅል በዶላር ላይ ስለበረታ ወርቅ በሸቅል የጨመረው በዶላር ከጨመረው ያነሰ ነው።

አሁን ወደ አምባሩ። እዚህ አገር የሚሸጠው ጌጥ አብዛኛው 14 ካራት ነው፤ 585 የሚል ማኅተም አለው። ከ1,000 እጅ 585ቱ ብቻ ወርቅ ነው ማለት ነው። አምባሩ 20 ግራም ቢመዝን ንጹሕ ወርቁ 11.7 ግራም ነው። አውንሱ 4,000 ዶላር ሲሆን ግራሙ 129 ዶላር ገደማ ይመጣል፤ ሁሉም 1,500 ዶላር ያህል። ዶላሩ 3.30 ሸቅል ቢሆን 5,000 ሸቅል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ገዢው አቅልጦ ማትረፍ ስላለበት ከዚህ ዝቅ አድርጎ ይሰጣል፤ ያ ነውር የለውም። ግማሹን ቢላችሁ ግን አምባራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሲመዘን ሚዛኑን እዩ፣ ሁለት ሦስት ሱቅ ጠይቁ፣ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ «ዛሬ ካልሸጣችሁ» ለሚል ሰው በር አትክፈቱ።

ከጡረታ ቁጠባ አውጥቶ ወርቅ መግዛት የሚያምራችሁም ትኖሩ ይሆናል። እኔ አላደርገውም። በጃኑዋሪ 1980 ወርቅ 850 ዶላር ደርሶ ነበር። ያን ቀን የገዛ ሰው ገንዘቡን መልሶ ለማየት እስከ 2008 ጠብቋል፤ በእነዚያ 28 ዓመታት የዳቦው ዋጋ ስንት እጥፍ እንደወጣ አስቡት።

ለእናታችንም ደውዬ ይህንኑ ነገርኳቸው። «እንግዲያው የቸገረኝ ነገር ከሌለ ለልጅ ልጄ ይቆይ፤ ሚዛኑን ግን አስመዝኜ እጽፈዋለሁ» አሉኝ። የሸቀጥ ዋጋ መለኪያው፣ መዳድ የምንለው፣ በየወሩ 15ኛው ቀን አካባቢ ማታ ይወጣል። በማግስቱ በፕሮግራማችን እናነበዋለን፤ ጥያቄ ያላችሁ ያን ጊዜ ደውሉልን።