ደብዳቤው ለአንድ ሰው፣ ጉዞው ለቤተሰብ

የዝውውር ደብዳቤ የሚጻፈው ለአንድ ሰው ነው። የሥራ መደቡን፣ ደረጃውን፣ ደመወዙንና በአዲሱ ቦታ ሪፖርት የሚያደርግበትን ቀን ይዘረዝራል። ስለ ትዳር ጓደኛው ሥራ፣ ልጆቹ ስለሚማሩበት ቋንቋ ወይም ስለሚኖሩበት ቤት የሚለው ነገር የለም። ደብዳቤው ቤት ሲገባ ግን ውሳኔው የቤተሰብ ይሆናል። «ሁላችንም እንሂድ ወይስ አንተ ቀድመህ ሂድ?» የሚለው ጥያቄ በመምህራን፣ በጤና ባለሙያዎችና በባንክ ሠራተኞች ቤት ሲነሳ የኖረ ነው። ብዙዎች መልሱን ደመወዙ የሚወስነው ይመስላቸዋል። እኔ ግን ቤተሰብን የሚያንቀሳቅሰውም የሚያስቀረውም ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱና የሌላኛው ሰው እንጀራ ነው እላለሁ።

የቀድሞ ትልልቅ አሠሪዎች ይህን በተግባር ያውቁት ነበር። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ስለደረሰ ነው። ከዚራ የሚባለው ሰፈር፣ የባቡሩ ጥገና ጋራዥና የሠራተኞቹ ቤቶች አብረው ስላደጉ ሰው ከነቤተሰቡ ሄዶ የሚኖርባት ከተማ ሆነች። በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካም የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው ሲሆን በዙሪያው የሠራተኛ መንደሮች፣ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ተሠርተዋል። ወንጂ ተወልደው፣ ወንጂ ተምረው፣ እዚያው ፋብሪካ የገቡ ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ከሥራ ጋር የሚመጣ ቤት ሁሉ በረከት አልነበረም። የኃላፊው ቪላና የአገዳ ቆራጩ ክፍል በምንም አይመሳሰሉም ነበር። የአካባቢው የጉድጓድ ውሃም ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበር የብዙ ነዋሪዎችን ጥርስና አጥንት ጎድቷል።

ከዚህ ጋር ሲነጻጸር በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሌላ መንገድ ነው የተከተለው። 60,000 ያህል ሠራተኞችን ለመያዝ ታቅዶ ሲገነባ ሼዱ፣ መንገዱና የፍሳሽ ማጣሪያው ቀድሞ ታሰበበት፤ የሠራተኛው መኖሪያ ግን ለከተማው የኪራይ ገበያ ተተወ። ከየወረዳው የመጡ ወጣት ሴቶች አንዲት ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው መኖር ጀመሩ። በፓርኩ ደመወዝና በከተማው ኪራይ ባል ወይም ልጅ ማምጣት የማይታሰብ ነው። ብዙዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሥራውን ጥለው የሄዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ማን ይወስን የሚለውም ራሱ ታሪክ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋራ መኖሪያውን የመምረጥ ሥልጣን ለባል ሰጥቶ ነበር። ባል ጎሬ ከተመደበ ሚስት ወደ ጎሬ ትሄዳለች፤ ክርክር የለም። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ሽሮ መኖሪያን መወሰን የሁለቱ የጋራ ጉዳይ አደረገው። ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። ዛሬ በብዙ ቤት ሁለቱም ደመወዝተኞች ስለሆኑ ውሳኔው ከበፊቱ ይከብዳል፤ ግን ይበልጥ ፍትሐዊ ነው።

ልጆቹ ጋ ስንደርስ ጉዳዩ ይጠልቃል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አማርኛ በመላ አገሪቱ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ነበር። ከጎንደር ወደ አሰላ የተዛወረ ሰው ልጁን ሲያስመዘግብ መጽሐፉ ያው ነበር። ያ ምቾት የተገኘው ግን በቤቱ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ ወይም ትግርኛ በሚናገረው ሕፃን ኪሳራ ነው። እሱ ከሰፈሩ ሳይወጣ ከመጀመሪያዋ የትምህርት ቀን አንስቶ በማያውቀው ቋንቋ ይማር ነበር። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ በማድረግ ይህን በደል አርሟል፤ ትክክለኛ እርምጃ እንደነበርም አምናለሁ። ይሁንና ለሥራ ከክልል ክልል የሚዞረው ቤተሰብ ጉዳይ ሳይታሰብበት ቀርቷል።

በአማርኛ እየተማረ 5ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ነቀምቴ ሲገባ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአፋን ኦሮሞ ሊያገኘው ይችላል፤ ከነቀምቴ ባሕር ዳር ለምትመጣዋ ልጅም ነገሩ ያው ነው። ከተሞች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። በአዳማና በሐዋሳ በአማርኛ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች አሉ። በአዲስ አበባ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ ተከፍተዋል። ድሬዳዋ ውስጥ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ይማራሉ። ስለዚህ ወላጅ ማጣራት ያለበት የክልሉን ስም ሳይሆን ቤት ሊከራይ ባሰበበት ሰፈር፣ ልጁ በሚማርበት ክፍል፣ በየትኛው ቋንቋ ትምህርት እንደሚሰጥ ነው። ዕድሜም ልዩነት ያመጣል። አንደኛ ክፍል የሚገባ ሕፃን ቋንቋውን ከጓደኞቹ ጋር እየተጫወተ ይለምደዋል፤ የ8ኛ ክፍል ፈተና የደረሰበት ልጅ ግን ፈተናው በክልል ደረጃ ስለሚዘጋጅ ዓመቱ ሳያልቅ ባይነቀል ይሻላል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ ሸክሙ ቀለል ይላል።

ቤትን በተመለከተ በተለይ ከአዲስ አበባ የሚወጣ ቤተሰብ የሚተወው ነገር ብዙ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ በቀበሌ ቤት የሚኖር ሰው የሚከፍለው ኪራይ ከገበያው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ያንን ቤት ለቆ ሄዶ ነገ ቢመለስ አያገኘውም። ኮንዶሚኒየም ተመዝግበው ዓመታት የቆጠቡት ደግሞ የከተማዋ ነዋሪ የሚያሰኛቸውን መታወቂያ አሳልፎ መስጠት ያስፈራቸዋል። መሸኛ ወስዶ በሌላ ከተማ ነዋሪ መሆን ለእነሱ የዕጣ ተስፋን እንደማጣት ነው። በመሆኑም ሰው በአካል ሌላ ከተማ እየሠራ በወረቀት አዲስ አበባ ይኖራል። በአዲሱ ከተማ ቤት ለሚፈልግ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ጥቂት ዋስትና ሰጥቷል፤ ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህን ሳያውቁ የስድስት ወር ኪራይ በአንዴ የሚከፍሉ እንግዶች ያሳዝኑኛል።

የሌላኛው ሰው እንጀራ ከሁሉ ይከብዳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 በፈለጉት ቦታ የመኖርን፣ በአንቀጽ 41 በየትኛውም የአገሪቱ ክፍል የመሥራትን መብት ያረጋግጣል። ሚስት መምህርት ብትሆን ግን የሚቀጥራት ክልሉ ነው። በአንድ ክልል ውስጥ በሚደረግ የመምህራን ዝውውር የአገልግሎት ዘመን፣ ሕመምና የትዳር ጓደኛን መከተል ይታያሉ። ከክልል ወደ ክልል ሲሆን ግን ተቀባዩ ክፍት መደብ ሊኖረው፣ ለቃቂውም ሊፈቅድ ይገባል። ካልሆነም ተለዋዋጭ መፈለግ አለ፤ መምህርቷ ወዳለችበት መምጣት የሚፈልግ በዚያው ትምህርት ዓይነት የተመረቀ ሰው እስኪገኝ ይጠበቃል። የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅም ይጠየቃል። ሚስት የ10 ዓመት አገልግሎቷን ትታ ባሏን ብትከተል፣ የደመወዙ ጭማሪ የእሷን ገቢ ይተካል ወይ የሚለው ስሌት መሠራት አለበት። ብዙ ቤት ውስጥ አይሠራም፤ የሴት ደመወዝ እንደ ድጋፍ ስለሚቆጠር ብቻ። ይህ ስህተት ነው። አያት ልጅ የምትጠብቅበት ቤት ከሆነም በአዲሱ ከተማ የሞግዚት ወጪ ይጨመራል፤ ለአዲሱ ዕድርም የመግቢያ ክፍያ አለ።

ይህ ሁሉ ተደማምሮ ነው ብዙዎች ሁለት ቤት መያዝን የሚመርጡት። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር በሁለት አስርት ዓመታት ከ40 በላይ ሲደርስ፣ ሰመራ ወይም ሚዛን እያስተማረ ቤተሰቡን አዲስ አበባ ያስቀመጠ መምህር የተለመደ ሆነ። የበረሃ አበል ያለበት ቦታ ቢሆንም አበሉ ለኪራይና ለመንገድ ያልቃል። አዳማ የተለየች ናት፤ ከአዲስ አበባ የሚያገናኛት የፍጥነት መንገድ እዚያ እየኖሩ አዲስ አበባ መሥራትን፣ ወይም ተቃራኒውን፣ የሚቻል አድርጎታል። በሌሎች አቅጣጫዎች ግን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የመንገድ ደህንነት ራሱ ከውሳኔው መመዘኛዎች አንዱ ሆኗል። በወር አንዴ እመላለሳለሁ ብሎ የሄደ አባት፣ መንገድ ሲዘጋ ለአውሮፕላን ትኬት የሚሆን ገንዘብ ከሌለው፣ ልጆቹን የሚያየው በስልክ ብቻ ነው።

እኔ የምመክረው አንዱ ቀድሞ ይሂድ፤ ግን ቤተሰቡ የሚሰባሰብበት ወር ከመነሻው ይቆረጥ፤ ትምህርት የሚዘጋበት ሰኔ ይመረጣል። የቀደመው እስከዚያ ድረስ የትምህርት ቤቱን ጉዳይ በአካል ሄዶ ያጣራል፣ የትዳር ጓደኛው የዝውውር ማመልከቻ ወዲያውኑ ይገባል። ሰኔ ሲደርስ ማመልከቻው መልስ ካላገኘ፣ ወደ ኋላ የመመለስ ጉዳይ በግልጽ ይነሳ። ከአሠሪ የሚጠበቀውም ከባድ አይደለም። ዝውውርን በጥር ከመወሰን በግንቦት አሳውቆ በሐምሌ ማስፈጸም ምንም ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። የክልል ትምህርት ቢሮዎችም የባለትዳሮችን ጥያቄ በየዓመቱ አንድ ላይ ተቀምጠው ቢያዩት፣ ተለዋዋጭ ፍለጋው በሠራተኞቹ ጫንቃ ላይ ባልወደቀ ነበር።