ከኩላሊት በላይ የሚሸሸግ እብጠት፦ ትልልቆቹ የአድሬናል ዕጢዎች ለምን ዘግይተው ይታወቃሉ?

ከዋሽንግተን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚወስደው የጆርጂያ ጎዳና ላይ በነበረው የዋልተር ሪድ ወታደራዊ ሆስፒታል፣ የቀድሞው ፕሬዚደንት ድዋይት አይዘንሃወር እ.አ.አ. ማርች 28 ቀን 1969 በልብ ሕመም አረፉ። አስከሬናቸው ሲመረመር በግራ አድሬናላቸው ላይ 1.5 ሴንቲሜትር የሆነ ፊዮክሮሞሳይቶማ ተገኘ። ደም ግፊታቸውን ለዓመታት ከተከታተሉት ሐኪሞች መካከል በሕይወት ሳሉ ይህን የጠረጠረ አልነበረም።

አድሬናሎች ከኩላሊቶች አናት ላይ የተቀመጡ፣ እያንዳንዳቸው 5 ግራም ገደማ የሚመዝኑ ሆርሞን አመንጪዎች ናቸው። አማርኛችን አካሉንም በላዩ የበቀለውን እብጠትም “ዕጢ” ስለሚል፣ በምርመራ ክፍል ውስጥ መደናገር ይፈጠራል።

ፊዮክሮሞሳይቶማ በተለምዶ የሚታወቀው ድንገት መጥቶ በሚሄድ ራስ ምታት፣ የልብ ትርታና ላብ ነው። ከ10 ሴንቲሜትር የሚያልፉት ግዙፎቹ ግን ብዙ ጊዜ ይህን መልክ አይዙም። እብጠቱ ያመረተውን አድሬናሊን እዚያው በውስጡ ሰባብሮ ኃይል አልባ አድርጎ ሊለቀው ይችላል፤ መሐሉም ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። ያን ጊዜ ታማሚው የሚሰማው የሆድ መነፋት፣ የጎን ሕመም፣ የሆድ ድርቀት ወይም ክብደት መቀነስ ነው። አልፎ አልፎም ትኩሳት ወይም የስኳር መጨመር ይታያል።

በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እነዚህ ምልክቶች የታወቀ ስም አላቸው፦ “ጨጓራ ነው”፣ “ምች መትቶኝ ነው”። አብዛኛውን ጊዜም ትክክል ይሆናሉ፤ እብጠቱ እጅግ ብርቅ ነውና። ሕመሙ ግን በጨጓራ መድኃኒት ካልታገሠ፣ ወይም ደም ግፊቱ በሦስት መድኃኒት እንኳ ካልወረደ፣ ለሐኪሙ በዝርዝር መንገር ያስፈልጋል። ከፌደራል መንግሥቱ ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጅን ማስተርጎም ልማድ ቢሆንም፣ ላብና የልብ ትርታ የሚመጡበትን ሰዓት አጥርቶ ማስረዳት ለልጅ ከባድ ነው።

ምርመራው የሚጀምረው ሜታኔፍሪን የተባሉትን የአድሬናሊን ቅሪቶች በደም ወይም በ24 ሰዓት ሽንት በመለካት ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ጥቂት ማይል ርቆ በቤተስዳ የሚገኘው ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች የተሳተፉበት እ.አ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት፣ የደሙ ምርመራ እብጠቱ ካለባቸው ሰዎች 99 በመቶውን እንደሚለይ አሳይቷል። ታማሚው ተጋድሞ ካረፈ በኋላ ደሙ ቢቀዳ ይመረጣል፤ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ውጤቱን ስለሚያዛቡ የሚወስደውን ሁሉ መናገር አለበት። የሲቲ ስካን ምስል ተከትሎ ይመጣል። ከ4 ሴንቲሜትር የበለጠ እብጠት ካንሰር የመሆን ጥርጣሬን ያሳድጋል።

ሆርሞኑ ሳይለካ በመርፌ ናሙና መውሰድ አደገኛ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚለቀቀው አድሬናሊን ደም ግፊትን ሰማይ ሊያደርሰው ይችላል። ከቀዶ ጥገናም በፊት ታማሚው ቢያንስ ለሳምንት ያህል አልፋ አጋጅ የተባለ መድኃኒት ይወስዳል።

ከታማሚዎቹ ሲሶ ያህሉ ችግሩን በዘር የወረሱት ነው። እ.አ.አ. በ1886 በጀርመን ፍራይቡርግ የተመዘገበችው የ18 ዓመት ወጣት በሁለቱም አድሬናሎቿ ላይ እብጠት ነበረባት። ከ121 ዓመታት በኋላ፣ በ2007 የታተመ ጥናት በዘመዶቿ ላይ ለዚህ የሚዳርገውን የዘረ መል ለውጥ አገኘ። ስለዚህ በአሌክሳንድሪያ ለአንዲት ሴት የተነገረ ውጤት፣ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ያሉ እኅት ወንድሞቿንም ሊመለከት ይችላል።