ራሱ የሚጽፍ የትዊተር ገጽ፦ ከቶሮንቶ የተገኘ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2014፣ በቶሮንቶ ከተማ በሚገኘው የዮርክ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሆኑት ኒክ ሩስት «ጂሲሲኤ ኤዲትስ» የተሰኘ የትዊተር ገጽ ከፈቱ። በገጹ ላይ የሚወጡትን መልእክቶች የሚጽፉት ግን እርሳቸው አልነበሩም። ከካናዳ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የኮምፒውተር መረብ ሆኖ ማንም ሰው ስሙን ሳያስመዘግብ የዊኪፔዲያን ጽሑፍ ሲለውጥ፣ አንድ ፕሮግራም ለውጡን አይቶ ወዲያውኑ ለሕዝብ ያሳውቅ ነበር።

የሐሳቡ መነሻ ብሪታንያ ነች። በዚያው ዓመት ቶም ስኮት የብሪታንያን ፓርላማ የሚከታተል ተመሳሳይ ገጽ ፈጠረ። አሜሪካዊው የሶፍትዌር ባለሙያ ኤድ ሰመርስም ሐሳቡን ወስዶ የአሜሪካን ኮንግረስ የሚከታተል ፕሮግራም ጻፈ፤ ኮዱንም ማንም እንዲጠቀምበት በነጻ ለቀቀው። በመሆኑም የቶሮንቶው ባለሙያ ሥራውን ከባዶ መጀመር አላስፈለጋቸውም። ዋናው ተግባራቸው በአሜሪካ ኮንግረስ አድራሻዎች ፋንታ የካናዳ መንግሥትን አድራሻዎች ማስገባት ነበር።

አሠራሩ ሦስት ደረጃዎች ነበሩት። በመጀመሪያ ፕሮግራሙ ዊኪፔዲያ በየቅጽበቱ ለሕዝብ የሚለቀውን የለውጦች ዝርዝር ያዳምጥ ነበር። በወቅቱ ያልተመዘገበ ሰው ለውጥ ሲያደርግ፣ በስሙ ፋንታ የኮምፒውተሩ የኢንተርኔት አድራሻ፣ ማለትም አይፒ ቁጥሩ፣ ይመዘገብ ነበር። ቀጥሎ ፕሮግራሙ ይህን ቁጥር ከመሥሪያ ቤቶቹ ቁጥሮች ጋር ያመሳክር ነበር። ቁጥሩ ከተገኘ፣ የጽሑፉን ርዕስና ለውጡን የሚያሳየውን አገናኝ የያዘ አጭር መልእክት አዘጋጅቶ ወደ ትዊተር ይልክ ነበር።

ይህን ሁሉ በጥቂት መስመሮች መጻፍ የተቻለው «ላይብረሪ» በሚባሉት፣ ቀደም ብለው በተጻፉ የኮድ ስብስቦች አማካይነት ነው። ለምሳሌ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈው «ትዊፒ» የተሰኘው ነጻ ላይብረሪ፣ ከትዊተር ጋር የሚደረገውን ውስብስብ ግንኙነት በራሱ ይፈጽማል። የገጹ ባለቤት ከትዊተር የሚሰጠውን የምስጢር ቁልፍ ያስገባል፤ ከዚያ በኋላ መልእክት ለመላክ አንዲት ትእዛዝ ትበቃዋለች።

አውቶማቲክ ገጽ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። «ኢንስታፒ» የተባለው ነጻ ላይብረሪ ኢንስታግራምን እንደ ሰው ከፍቶ ፎቶዎችን «ላይክ» ያደርጋል፤ ሰዎችንም «ፎሎው» ያደርጋል። ይህ የድርጅቱን ደንብ የሚጥስ በመሆኑ ገጽን ሊያሳግድ ይችላል። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ የቶሮንቶው ፕሮግራም ማንነቱን ሳይደብቅ መረጃ ያቀርብ ነበር፣ ሁለተኛው ግን ራሱን ሰው አስመስሎ ያልነበረ ተወዳጅነትን ይፈጥራል።

መረጃ የሚያቀርበውም ቢሆን ወሰን አለው። አይፒ ቁጥር መሥሪያ ቤቱን እንጂ ሰውየውን አይጠቁምም። ጽሑፉን የለወጠው ሠራተኛ በአለቃው ታዝዞ ይሁን በምሳ ሰዓቱ ለራሱ ፍላጎት፣ ፕሮግራሙ ሊያውቅ አይችልም። ማመዛዘን አለመቻሉ የሚያስከትለው አደጋ በ2018 በአሜሪካው ገጽ ላይ ታየ። አንድ ሰው ከኮንግረስ መረብ ሆኖ የሴናተሮችን የግል መረጃ ዊኪፔዲያ ላይ ሲለጥፍ፣ ፕሮግራሙ እንደ ማንኛውም ለውጥ ቆጥሮ አሰራጨው። ትዊተርም ገጹን አገደ።

ሁለተኛው ድክመት ጥገኝነት ነው። ላይብረሪው ነጻ ቢሆንም፣ የሚያንኳኳው በር የሌላ ድርጅት ነው። ትዊተር በ2023 ለዓመታት በነጻ ይሰጠው የነበረውን ሰፊ የፕሮግራም አገልግሎት ሲያቋርጥ፣ ለሕዝብ ይጠቅሙ የነበሩ በርካታ አውቶማቲክ ገጾች ጸጥ አሉ።

ስለዚህ ማኅበራዊ ሚዲያን በፕሮግራም ለማንቀሳቀስ የሚያስብ ሁሉ፣ ኮዱን ከመጻፉ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል፦ ፕሮግራሙ ሊያወጣው የማይገባውን ነገር ማን ያስቆመዋል? በሩስ ቢዘጋ መረጃው በየት በኩል ለሕዝብ ይደርሳል? ማሽኑ ያለ እረፍት ሊጽፍ ይችላል፤ ለጻፈው ተጠያቂ የሚሆነው ግን ሁልጊዜም ያሰማራው ሰው ነው።