ሕንጻውን ሳይሆን ኪራዩን

ጎጃም ውስጥ ዲማ ተወልደው አዲስ አበባ የከበሩ አንድ አዛውንት ነጋዴ ደብረ ማርቆስ ያላቸውን ጂ ፕላስ 4 ሕንጻ እንድገምትላቸው ጠሩኝ። ለዲማ ጊዮርጊስ የአብነት ተማሪዎች ሊናዘዙት ነው። ምድር ቤቱን ፋርማሲና የሞባይል መሸጫ ይዘውታል፣ አንደኛ ፎቅ ላይ የብድርና ቁጠባ ቢሮ አለ። ከዚያ በላይ ያለው ከተሠራ ጀምሮ ተከራይ አላየም፤ የመስኮቱ መስታወት ላይ የተለጠፈው የፋብሪካ ወረቀት እንኳ አልተላጠም።

ግምቱን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። በዓመት የሚገባውን ኪራይ ልነግራቸው ስል ግን «እሱን መች ጠየቅሁህ ልጄ?» አሉኝ።

እሱን ማንም አይጠይቀኝም። ሰዉ የሚያወራው «እገሌ እኮ የመቶ ሚሊዮን ብር ሰው ነው» እያለ ነው። የታለ መቶ ሚሊዮኑ? ብሎኬት ነው፣ ብረት ነው፣ ሴራሚክ ነው። ለባንክ ማስያዣ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ግምት ሕንጻው ዛሬ እንደገና ቢሠራ ስንት ይፈጃል የሚለውን ነው። ሲሚንቶ ሲወደድ ግምቱም ይወደዳል፤ ባዶው ፎቅ ግን ያው ባዶ ነው። ለንግድ የተሠራ ቤት ዋጋው በእጅ የሚገባው ኪራይ ነው፣ እሱም የጥበቃው፣ የጥገናው፣ የግብሩና ተከራይ የጠፋበት ወር ከተቀነሰ በኋላ። ይህን ስናገር ምቀኛ የምመስላቸው አሉ።

ጎጃም ውስጥ ነገሩ ቀድሞ የገባቸው ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ይመስሉኛል። የንጉሥ ልጅ ናቸው፤ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞረው አይተዋል። ገበሬውን በግብር እንዴት እንዳስመረሩት አያቶቻችን ነግረውናልና ለደግነት ምሳሌ አላደርጋቸውም። ንግዱን ግን ያውቁበት ነበር። ግዛታቸው ጎጃም ሆኖ ኪራይ የፈለጉት ብር በሚዘዋወርበት በአዲስ አበባ ነው፤ እዚያ የሚከራዩ ቤቶች ነበሯቸው፣ ታክሲም አሰማርተዋል። በ1924 ዓ.ም. እስር ላይ የነበሩትን ልጅ ኢያሱን አስመልጠዋል ተብለው ሲታሰሩ ሀብታቸው ተወረሰ። ኪራይ የቱ ጋ እንዳለ ያወቁት ሰው ከቤተ መንግሥት ጋር መጣላት ንብረትን ምን እንደሚያደርግ አላሰሉትም፤ ወይም አስልተው ደፍረዋል።

ቤት በማውረስ በጎ ሥራን ለዘላለም ማጽናት ይቻላል ለሚለኝ ሰው 1967 ዓ.ምን አስታውሰዋለሁ። በየካቲት የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ገዳማትና አድባራት ይተዳደሩበት የነበረውን መሬት ወሰደ። ሐምሌ 19 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ የበለጡት ለኪራይ ቤቶች ሄዱ። መሬት የሰጠም ቤት ያወረሰም እኩል ሆነ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩበት የዲማ ጉባኤ ቤት ግን አልተዘጋም። የቅኔ ተማሪው አኮፋዳውን አንግቶ ገበሬው ደጃፍ ሲቆም ቁራሽ አያጣም ነበር። ቁራሿ ግምት የላትም፤ ግን ዕለት በዕለት ትገባለች።

«እንግዲያው እዚያው ዲማ ላይ ሕንጻ እንሥራላቸው» የሚሉም አሉ። ይሄ የባሰው ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ካልተከራየ ዲማ ላይ ማን ይከራየዋል? ጤፍ ነጋዴው ምድር ቤት እንጂ ፎቅ አይፈልግም፤ ኩንታል ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ የለም። ቦታው ላይም ቢሆን ስሌት አለ። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ለሃይማኖት ተቋም የሚሰጥ ቦታ እስከ 99 ዓመት ይያዛል፤ ለንግድ ሲሆን ግን አዲስ አበባ 60፣ በሌሎች ከተሞች 70 ዓመት ነው። ባለቤቱ ገዳም ስለሆነ ብቻ የኪራይ ሕንጻ ቤተ መቅደስ አይሆንም።

ሕጉማ መንገድ ሠርቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ዓይነት ስጦታ የራሱ ድንጋጌዎች አሉት፤ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1113ም የበጎ አድራጎት ኢንዶውመንትና ትረስት የሚቋቋምበትን መንገድ ያሳያል። ነገሩ የሚበላሽብን ወረቀት ላይ ሳይሆን ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር ነው። ያን ጊዜ የሚከፍለው ማነው? የኔታ ናቸው? ሰበካ ጉባኤው ነው? ባየኋቸው ኑዛዜዎች ውስጥ ከኪራዩ ተቀንሶ ለጥገና ስለሚቀመጥ ገንዘብ አንዲት መስመር አላገኘሁም፤ «ለዘለዓለም መታሰቢያ» የምትለዋ ግን አትቀርም።

ስለዚህ ኑዛዜው ይቆይ እላለሁ። ባለቤቱ በሕይወት እያለ ከመስከረም ጀምሮ የአንዱን ሱቅ ኪራይ ብቻ በየወሩ ለጉባኤ ቤቱ ያስገባ። ሁለት ዓመት ሲሞላ ተከራይ ስንት ወር እንደሚያዘገይ፣ ጥገናው ምን እንደሚበላ፣ ብሩን ማን ተቀብሎ ማን እህል እንደሚሸምትበት ይታያል። የቀሩት ፎቆች ነገር ከዚያ በኋላ ይነሣ።